ወደ ግራ የምትከፈተው ወፍ

ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ፓሊዮካ ከአባታቸው ከአቶ ጋስፓሬ ስካልዞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢማኮላታ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1938 በፕሮቪደንስ ከተማ፣ ፌደራል ሂል ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ፊደል ሳይለዩ ግን እናታቸው ከፋብሪካ በድብቅ የሚያመጡትን አርቴፊሻል ጌጥ ወጥ ቤት ተቀምጠው ካርቶን ላይ ይሰኩ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ተቆጣጣሪ መጣ ተብሎ ጌጡም ልጆቹም አልጋ ስር ይገባሉ። ፍርሃትን የተማሩት ያኔ ነው።

በ1955 በአንድ የጌጥ ፋብሪካ በበያጅነት ተቀጠሩ። ግራኝ ስለነበሩ አለቃቸው በቀኝ እንዲሠሩ አስገደዷቸው። በ1957 ግን ከውዳቂ ብረትና ከሰማያዊ ጠጠር ለራሳቸው አንዲት የደረት ጌጥ፣ ወፍ፣ ተደብቀው በግራ እጃቸው በየዱ። የሌላው ሁሉ መርፌ ወደ ቀኝ ሲከፈት የእሷ ወደ ግራ ሆነ። በመውጫ ሰዓት ድንገት ፍተሻ መጣ። ወፏን ከፊታቸው በተሰለፈችው ባልንጀራቸው በዶሎሬታ ካፖርት ኪስ ጨመሯት።

«ሌባ! በይ ይቺን የስንብት ደመወዝሽ አድርጊያት!» ብለው አለቃው ዶሎሬታን ከነወፏ አባረሯት። ስሟ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ የቀጠራት ፋብሪካ የለም። ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ እውነቱን ደብቀው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1961 ከአቶ ኡምቤርቶ ፓሊዮካ ጋር ተጋብተው ሬናቶንና ቪቪያናን አፍርተዋል።

ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላ፣ ከ1988 ጀምሮ ዘወትር ቅዳሜ ዛሬ ልንሸኛቸው በተሰበሰብንበት በዚሁ ደብር አዳራሽ እየተቀመጡ፣ ሰው የእናት የአያቱን ጌጥ ሲያመጣላቸው ዘመኑን፣ ሠሪውንና ዋጋውን ይነግሩ ነበር። «ፊቷ ይዋሻል፤ ጀርባዋን አሳዩኝ» ይሉና ማኅተሙን፣ ማጠፊያውን፣ ብየዳውን ይመረምራሉ። ለመገልበጥ የሚዘገዩት በእርጅና ይመስለን ነበር፤ ምን እናውቃለን! ያቺን ወፍ ፈርተው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዛሬ ትመጣብኛለች እያሉ ይጠብቁ ነበር።

በመጋቢት 2019 ጃኒን የምትባል ሴት መጣች።

«እትዬ፣ የሟች እናቴ ናት። ማኅተም የላትም። ዋጋ አላት?»

ገለበጧት። ወደ ግራ ተከፈተች። «ርካሽ ናት» ብሎ መሸኘት ይቻል ነበር።

«የዶሎሬታ ልጅ ነሽ?» አሉ። «የሠራኋት እኔ ነኝ። ኪሷ የጨመርኳትም እኔው። እናትሽ ሌባ አልነበረችም።»

ጃኒን ወፏን አንሥታ ወጣች። ወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ከዚያ ወዲህ አዳራሹን አልረገጡም፤ በር ሲንኳኳ ደግሞ እንደ ልጅነታቸው ይደነብሩ ነበር። በልብ ሕመም ሁለት ዓመት ማቀቁ። ይህ ሁሉ ሳይሸፈን እንዲነበብ አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። እኔም የእህታቸው ልጅ እየፈራሁ ጻፍኩት። ኅዳር 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ትናንት ጃኒን ለቅሶ ደርሳን ነበር። «ያን ቀን ተቆጥቼ ሳልነግራቸው ወጣሁ እንጂ፣ እናቴ ከተባረረችበት ዕለት ጀምሮ ታውቅ ነበር» አለችን። «እዚያ ፋብሪካ ግራኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አልጠላቻቸውም። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያለች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሣች ሞተች።»

ወፏን ኮቷ ላይ ሰክታ ዛሬ ከእኛ ጋር ትቆማለች። ቸሩ አምላክ የሁለቱንም ነፍስ በር በማይፈራበት አገር ያገናኝልን፤ አሜን።