የግርማ ዓሣ ለምን ይነፋል

ሰኞ

ዛሬም ተነፋ። ኳስ አከለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። እማዬ "ቁርጠት ይዞት ይሆን?" እያለች ትጨነቃለች። የአሰላ ብርድ እንዳይገድለው ብላ በየጠዋቱ ለብ ያለ ውኃ ትጨምርለታለች።

ቁርጠት አይደለም። ወንድሜ ግርማ ለሠፈራ ዘመቻ ጋምቤላ ሄዶ ሲመለስ ከባሮ ወንዝ በጀሪካን ባመጣው ጊዜ ነግሮናል። ሲፈራ ውኃ ይጠጣና ይነፋል፣ ትልቅ ዓሣ እንዳይውጠው። "ከውኃ እንዳታወጡት፣ አየር ከሳበ ይሞታል። እንዳታስደነግጡት፣ አደራ!" ብሎን ነው ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው።

ግርማ ሞቷል።

አጎታችን ጋሼ ታደሰ ቢሮ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። የእማዬ ደም ግፊት ያስፈራል፤ ዘመድ ከገጠር ከጮሌ ይሰብሰብና ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶው ይነገራታል፣ እስከዚያ ዝም በይ አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት። እጄን ይቁረጠው!

ረቡዕ

እማዬ ለግርማ በሶ ላዘጋጅ ብላ ተነሳች። "ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው አላገኘሽም?" አለችኝ። አገኛለሁ አልኳት። ገብሱን አብሬያት ቆላሁ። ጨው በዛ፣ አነሰ ተባባልን። ለሞተ ሰው ስንቅ! ሽንት ቤት ገብቼ ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ሆድ ይፍጀው ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው።

ሐሙስ

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ መጡ። "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ዓሣውን ልየው ብዬ ነው" አሉ። ለወጉ እንኳ ዓሣው ወዳለበት የመስታወት ገንዳ ዞር አላሉም፤ እማዬን እያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀጥሎ የዕድሩ ዳኛ። ከዚያ የሠፈር ሴቶች ተከታትለው። ሁሉም ዓሣ ሊያይ! ሰምተው ቤታቸው መቀመጥ አቅቷቸው ነው እንጂ ዓሣው ድሮም እዚሁ ነበር።

አንዷ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ተነፋ። በልቤ ረገምኳት። እማዬ ጋቢዋን ገንዳው ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

ዓርብ

በሶውን ላሽግ ስል ከእጄ ወሰደችው። "ተይው" አለች። በቃ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ፈራሁ።

ቅዳሜ

ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ታደሰ፣ ቄሱ፣ አዴ ጫልቱ፣ ግቢው ሙሉ ሰው። እማዬ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ጋሼ ታደሰ ሊናገሩ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው።

"ቆዩ። መጀመሪያ ይሄን ፍጥረት ጓዳ አስገቡልኝ፤ ጩኸት ይፈራል።"

ሁለት ወንዶች ገንዳውን ተሸክመው አስገቡት። የጓዳውን በር ራሷ ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን ያዝሽው፣ ልጄ?"

ከዚያ ጮኸች። እኔም ጮኽኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቼ አየሁት። አሁንም እንደተነፋ ነው። ለቀስተኛው ገና ከጮሌ እየመጣ ነው።