በድንጋዩ ቦታ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

ስመኝ ቀረች። ገና በማለዳ ደውላ «እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ይህን ብርድ አልችለውም፤ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለችኝ። ቡሬ ላይ ከእኔና ከእሷ በቀር መቅዘፊያ የጨበጠች ሴት ማን አለችና? ጀልባዋ የሁለት ሰው ናት። ከጥምቀት በኋላ ጣና ላይ ውድድር አለ። አጋር ካላገኘሁ የሁለት ዓመት ልፋቴን ውኃ በላው።

ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ብቻዬን ሐይቃችን ላይ ወጣሁ። የፊት መቀመጫው ባዶ ስለሆነ የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ ተነሣ፤ ነፋሱ እንደፈለገ አዞረኝ። ተናድጄ ተመለስሁ።

ማክሰኞ

በስመኝ መቀመጫ ላይ ድንጋይ ጫንሁ። ጀልባዋን እንዳይቧጭራት ከሥሩ ጆንያ አነጠፍሁ። ቀጥ ብላ ሄደችልኝ።

እማሆይ ወለተ ማርያም ከዳር ቆመው ያዩኛል። ሐይቁ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጎጆ ያላቸው መነኩሴ ናቸው፤ እዚሁ ተወልደው እዚሁ አርጅተዋል። «ይህ ሐይቅ ሰው ይወስዳል» ማለት ልማዳቸው ነበር። ዛሬ ግን «ድንጋዩ ምን በድሎሽ ነው በዚህ ብርድ የምታንገላቺው?» አሉኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ረቡዕ

ጉድ ነው ያየሁት። ጣቴ ደንዝዞ መቅዘፊያው ሊያመልጠኝ ሲል እጄን ውኃው ውስጥ ነከርሁት፤ ሞቀኝ። ውኃው የትናንቱን ፀሐይ ይዞ አድሯል። ከላዩ እንፋሎት ይነሣል፤ ዳሩ አይታይ፣ ሰማዩ አይታይ። መቅዘፌን ተውሁ። ስንት ጊዜ የተመላለስሁበትን ሐይቅ ገና ዛሬ ያየሁት መሰለኝ። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

ለእማሆይ ነገርኋቸው። «ይሞቃል ነው የምትይኝ?» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

ጾሙ ከብርዱ ብሷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለ ሽሮ ሳስብ ዋልሁ።

ሐሙስ

እማሆይ ቀድመውኝ ደርሰዋል። «ድንጋዩን አውርጂው» አሉኝ።

ለምን ብላቸው፣ «እኔ በቦታው ልቀመጣ። ዕድሜ ልኬን ከዳር ነው ያየሁት። ሳልሞት ከመኻሉ ልየው» አሉ።

ለመንኋቸው፤ አልሰማ አሉ። የስመኝን መንሳፈፊያ ጃኬት ከቢጫው ነጠላቸው ላይ አለበስኋቸው። ከድንጋዩ ይቀላሉ።

መኻል ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይ ወጣች፤ ተራራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእሳቸውም ጎጆ ውኃው ላይ ተዘቅዝቆ ታየ። እማሆይ እጃቸውን ነከሩ፤ አማተቡ። «እሱ ይህን ሁሉ ሠርቶ፣ እኛ ዳር ቆመን ስንፈራ» አሉ። እንባቸው ይወርዳል። እኔም አለቀስሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስንመለስ ገበያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ዳሩ ላይ ቆሟል። አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል።

ዓርብ

ጎሕ ሲቀድ ስመኝ ሐይቁ ዳር ቆማለች፤ መቅዘፊያዋን ይዛ፣ ሹራብ በሹራብ ደርባ። ፎቶው ደርሷታል። «እማሆይ ተቀምጠው እኔ ብርድ ፈራች ከተባልሁ፣ ቡሬ ላይ በየት በኩል ልለፍ?» አለችኝ። ልቆጣት አስቤ ነበር፤ አቀፍኋት።

መኻል ላይ እጅሽን ንከሪ አልኋት። ነከረች። መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ሌላኛውንም እጇን ጨመረች።

ክንዷ ሰንፏል፤ ለውድድሩ እንደርስ እንደሆነ አላውቅም። ስንመለስ እማሆይ ዳር ላይ የጣልነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን።

«ነገ ተራው የእኔ ነው» አሉ።