የዓሣ ጆሮ ጠጠር

ኻርቱም፣ ግንቦት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለናስራ፣ ባሕር ዳር

አሰላሙ አለይኩም የኔ ዓለም። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ጠላቴ ሙቀቱ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ተውፊቅ የጓደኛዬ የረሺዳ ወንድም ነው፤ የያዘውን የብስኩት ቆርቆሮ ከእጁ እንዳይለየው በአላህ አስምዬዋለሁ። ለጥናትሽ የጠየቅሽኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። «ሰው ዓሣ ልትሸጪ ነው ወይ እያለ ስለሚስቅብኝ፣ ትቼው ባንክ ልግባ» ያልሽው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ መሃል ላይ ስለምትጮሂብኝ ነው።

እንዳልሽኝ አርብ አርብ ኦምዱርማን፣ ሞረዳ የዓሣ ገበያ እሄድ ነበር። እዚያ ዓሣ የሚጠብሰው የአገራችን ልጅ ሙሄዲን ቡልጢ የሚሉትን ዓሣ፣ እናንተ ቆሮሶ የምትሉትን፣ ሳይቆርጠው በፊት በልብስ ስፌት ሜትሬ እለካለሁ። ከዚያ ከጭንቅላቱ ውስጥ ያችን ምስር የምታክል የጆሮ ጠጠር በወረንጦ አወጣለሁ። ዕድሜው እሷ ላይ ይነበባል ስትዪኝ «ይቺ ልጅ ትምህርት በዛባት» ብዬ ነበር፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም እያንዳንዷን አድርቄ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀኑንና የዓሣውን ርዝመት በአማርኛ ጽፌ አልጋዬ ስር አኖራለሁ።

ታዲያ ያን ሰሞን የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ኒካሕ ሊታሰር ሲል ፈረሰ። ማዳም በንዴት ቤቱን ስታስስ ቆርቆሮዬን አገኘችው። እስቲ አስቢው! የተጣጠፈ ትንንሽ ወረቀት፣ ላዩ ላይ የማታውቀው ፊደል፣ ውስጡ ጠጠር። «ሒጃብ! ልጄ ላይ አስደግማባት ነው!» ብላ ጮኸች፤ እዚህ ሒጃብ የሚሉት ክታብንም ነው፣ ክታብ መስሏት እኮ ነው። የአል-ጣኢፍ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሰው አልጋ ስር ባገኘው ቢስሚላህ ብዬ እሮጥ ነበር።

«የዓሣ ጆሮ ነው፣ ልጄ ዓሣ ታጠናለች» አልኳት።

«ደሞ ዓሣ ጆሮ አለው?» ብላ ባሰባት። «ወይ እዚሁ ፊቴ ታቃጥዪዋለሽ፣ ወይ ኸላስ፣ ከቤቴ ትወጫለሽ!»

ስንት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። ግን «የኻርቱሙ ከሌለ ጥናቴ ጎዶሎ ነው» ያልሽኝን እንዴት አቃጥለዋለሁ? ቆርቆሮዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

እንዳትጮሂ! አብሽሪ። አሁን አርካዊት ሰፈር ከረሺዳ ጋር ነኝ፤ ቤቱ ቢጠብም ሆድ ካገር ይሰፋል። ሙሄዲን ዘንድ ዓሣ እጠብሳለሁ። ዘይቱ ቀኝ እጄን ትንሽ ነካ አድርጎኛል፤ ጽሕፈቴ የተጣመመው ለዚያ ነው እንጂ አርጅቼ አይደለም። ደግነቱ አርብን መጠበቅ ቀረ፣ ዓሣው ሁሉ በእጄ ነው የሚያልፈው። ሙሄዲንም ተለክፎ «ይቺስ ስንት ዓመቷ ይሆን?» እያለ ይጠራኛል። በላተኛው ምን እያደረግሽ ነው ሲለኝ «ልጄ የዓሣ ሊቅ ናት» እላለሁ። ወላሂ፣ ከአፌ ሲወጣ ደስ ሲል!

ማዳም ትናንት ደወለች። የልጇ እጮኛ ታርቆ ተመልሷል። «ነይ፣ ግን ያን ነገርሽን ጥለሽ» አለችኝ። «ኢንሻአላህ ለሰርጉ የተጠበሰ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ» ብያት ዘጋሁት።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። ባንክ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ስሚኝ ናስራ፣ እኔ በኻርቱም ምድር ጠንቋይ ተብዬ የተባረርኩት የባንክ ጸሐፊ እናት ልባል አይደለም። ወረቀቶቹን ፍቺና ጥናትሽን ጨርሺ።

አላህ ዕውቀትሽን ሰው የሚጠቀምበት ያድርገው። የሚስቁብሽንም ሊጠይቁሽ ደጅሽ ያምጣቸው።

እናትሽ መዲና ይማም