ከግድግዳ ወዲያ ያለው

ሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ቦሌ
ከቀትር ጀምሮ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው አያስወራም። አብራኝ ያለችው የስፌት ባልደረባዬ ሐሚዳ ብቻ ናት፤ ቁልፍ ትተክላለች።

ለግድግዳ ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት ተስማማህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ክረምቱ ሲወጣ ይሻለዋል። ይህን ወረቀት የሐሚዳ ወንድም በእጁ ያደርስልሃል። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስታነብ ይገባሃል።

ስትሄድ “በጊታሬ ለረበሽኩሽ ካሳ ይሁን” ብለህ የተውክልኝን የሮክ ካሴት ሳልሰማ አልውልም። እኔ ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ፣ ያልጻፍኩት ነገር የሚጠፋብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ የምወዳቸውን ዘፈኖች በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ በየማዕረጋቸው ጻፍኩ። ስማቸውን ስለማላውቅ እኔው አወጣሁላቸው፦ አንደኛ፣ ከግድግዳ ወዲያ ያለው። ሁለተኛ፣ ባለ መዶሻው። ሦስተኛ፣ የሚለምነው። አራተኛ፣ ሳይሰናበት የሚሄደው።

ዛሬ ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ሄጄ፣ በስኳር ኩፖኔ ፈንታ ተሳስቼ ያንን ካርቶን ሰጠሁ። ሻጩ ጸጋይ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች የት ነው የሚሰበሰቡት?” አለኝ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ፣ ወደ ጓድ ተክለብርሃን ወሰደኝ።

ዘፈኖች ናቸው ብል ማን ይመነኝ? ካሴቱን አስመጣና ቢሮው ውስጥ አስከፈተው። የባለ መዶሻው ከበሮ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው ሲደልቅ “ይሄማ ሠርቶ አደር ነው፤ ለምን ሁለተኛ አደረግሽው?” ብሎ ተቆጣኝ። የሚለምነው ሲመጣ ፊቱን አጨማደደ።

“ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?”

“ጥላው ሄዳ ይሆናል፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ታዲያ ሥራ የለውም?”

አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ “መልሰው፣ ይህቺን አልሰማኋትም” አለው ጸጋይን። አራተኛው ድምፁ እያነሰ ሲጠፋ፣ ቴፑ የተበላሸ መስሎት በጥፊ መታው። በኋላማ እሱና ጸጋይ፣ የሚለምነው ነው ወይስ ሳይሰናበት የሚሄደው የሚበልጠው ብለው እኔን ረስተው ሲከራከሩ ቆዩ።

ከዚያ “አንደኛውስ?” አለ። ካሴቱ ውስጥ የለም።

“ከግድግዳ ወዲያ ያለው ማን ነው?”

አንተ ከቀበሌው ያለ መሸኛ የሄድክ ሰው ነህ። ስምህን ብጠራ እዚያው ድረስ ይመጡብሃል። እሱም ዘፈን ነው አልኩ። “እስቲ ዝፈኚው” አለኝ። በማኅበር እንኳ ቃል ለመተንፈስ የማፍረው እኔ፣ በጊታር የምትጫወተውን በአፌ “ላ ላ” እያልኩ አዜምኩት። የማን ነው ሲለኝ “የእኔ” አልኩ። ይቅር በለኝ፤ ዜማህን ሰረቅሁህ።

ጓድ ተክለብርሃን እዚያው የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ መዘገበኝ። ነገ ሁለት ሰዓት አዳራሽ ቀርቤ እስከ መጨረሻው እንድዘፍነው፤ ካቃተኝ ግን ባለቤቱን እንድናገር አስጠነቀቀኝ። አንተ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጫውተኸው አታውቅም። ሐሚዳ “ላ ላውን ጨምሪበት፣ ማን ያውቅብሻል” ትላለች። ለእሷ ቀላል ነው።

ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ቀሚሴን ተኮስኩ። አዳራሹ ውስጥ ኣምደሚካኤል የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ዜማውን ከአፌ እየተቀበለ ተከተለኝ። አንተ የምታቆምበት ቦታ ስደርስ እኔም ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ቀና አለ። እጄ በራሱ ጊዜ፣ ያኔ ግድግዳህን እመታ እንደነበረው፣ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታ።

ኣምደሚካኤል አንዳች ሳይጠይቅ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔም ገባሁ። ስናበቃ ደግሞ መታሁ፤ ደግሞ ጀመረ። አራት ጊዜ ከዞርን በኋላ ሊቀመንበሩ “መጨረሻ የለውም እንዴ?” አለ። ኣምደሚካኤል “እንደ ትግላችን ነው፣ ጓድ” አለው። መጀመሪያ ያጨበጨበው ሊቀመንበሩ ነው።

ቤቴ ገብቼ ይህን እጽፍልሃለሁ። “ድገመው” ማለቴ እንደሆነ ኣምደሚካኤል በአንድ ቀን ገባው፤ አንተ ግን በመታሁ ቁጥር ጊታርህን ታስቀምጥ ነበር።

አምላክ ጣቶችህን ይጠብቅልህ፤ የምታድርበትም ቤት ግድግዳው ስስ ይሁን።

የግድግዳ ጎረቤትህ