የውዳሴ ጫማ

ይድረስ ለልጄ ለጸሐይወርቅ። ኪዳነ ምሕረት በሰው አገር ከክፉ ትሰውርሽ፤ ብርዱም አይጉዳሽ። እኛ እንዳለን አለን። ጎፋ ያው እንደተውሽው ጭቃ ነው፤ ውሃም ከጠፋ ሰነበተ።

ለልጅሽ ለውዳሴ ሠርተሽ የላክሽው የእግር ድጋፍ ደርሶናል። ጫማዋ ውስጥ ያስገባሽው ስስ ነገር ተረከዟ መሬት ሲነካ ያውቃል፣ ያኔ ብረቱ ጉልበቷን ይይዝላታል፣ እግሯን ስታነሳ ይለቅላታል ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ፖሊዮ የጎዳት ልጅ ያለ ምርኩዝ ሄደች፤ ሰፈሩም እልል አለ።

ምን ያደርጋል! ባለፈው እሁድ ለምስጋና ብዬ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። በሩ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ጫማዋን አወለቅኩላት። ብረቱ እግሯ አየር ላይ ያለ መስሎት ጉልበቷን ለቀቀው፤ ድንጋዩ ደረጃ ላይ በፊቷ ተደፋች። የፊት ጥርሶቿ ወለቁ። አንቺ እዚሁ ደብር አድገሽ፣ ጫማ እንደሚወልቅ እንዴት ረሳሽው?

አሁን ጫማዋን ንክች አታስደርግም፤ አድርጋው ነው የምትተኛው። ትናንት ለንግሥ ስሄድ አብሬሽ ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች። ከነጫማዋ አላስገባት ነገር፣ ደጅ አስቀምጫት ገባሁ። ስወጣ ጭኗ ላይ ዳቦ ተቆልሏል። ለካ ያስቀመጥኳት ከነዳያኑ ተራ ነው።

«እማማ፣ ሰጪዎቹን ምን ተብሎ ነው የሚመረቀው?» አለችኝ።

የማውቀው ምርቃት ሁሉ ጠፋኝ። አንቺን ግን ልመርቅሽ፤ እጅሽ ይባረክ። እባክሽ ልጄ፣ ባዶ እግሯን የሚያውቅ ሥሪላት።

እናትሽ