ለሦስት የተለካ ግድግዳ

ውድ ዋርሳዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንህን ባለቤትህ በስልክ ነግራኛለች፤ ጉልበትህን እንደሚያምህና ሐኪም ያዘዘልህን እንደማትሰማም አልደበቀችኝም። እኔም ደህና ነኝ። መነጽር ቀይሬአለሁ። የዛሬውን ነገር ግን በስልክ ልነግርህ አልፈለግኩም። በስልክ ከነገርኩህ አንተ ዝም ትላለህ፤ ያንተን ዝምታ ስሰማ ደግሞ እኔ ወሬ እቀይራለሁ። ስንት ዓመት እንዲሁ ኖርን።

የድሮው የምርጫ ክልላችን ጽሕፈት ቤት ማንበቢያ ቤት ሆኗል። ባሌ፣ ወንድምህ፣ በሕይወት ሳለ ባለጉዳይ ይደረደርበት የነበረው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አሁን ተማሪዎች መጽሐፍ ታቅፈው ያንቀላፋሉ። ምርጫ ክልል አሥራ ሰባት ከታጠፈ ወዲህ ቁጥሩን የሚያነሣው የአውቶቡስ ረዳት ብቻ ነው፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ "አሥራ ሰባት ወራጅ አለ?" ይላል። አንድ ቀን ለምን አሥራ ሰባት እንደተባለ ጠየቅኩት። "እኔ እንጃ እማማ፣ ድሮ አሥራ ሰባት ቤት ብቻ ነበር መሰለኝ" አለኝ።

ያ መልስ ቆጨኝ። ስለዚህ የማንበቢያ ቤቱ ኮሚቴ በመክፈቻው ዕለት የክልሉን ታሪክ እንድናገር ሲጠይቀኝ እሺ አልኩ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ግን ፊደል የቆጠርኩት ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ በለጠፍነው የተረፈ የምርጫ ወረቀት ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ መጀመሪያ የወንድምህን ስም አነበብኩ፣ ከዚያ ሥራውን፣ ከዚያ የገባውን ቃል። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ክልል የተጻፈ ነገር ሳላነበው ያለፈኝ አይመስለኝም።

ኮሚቴው አንድ ነገር አስቸገረኝ። የሚሰቀለው የሦስት ተወካዮች ፎቶ ነው፣ አራተኛውን ተይው አሉኝ። ዋናው ተቃዋሚ የኮሚቴው አባል የሆነው አናጢው ነው። ያኔ ክልሉ ሲታጠፍ ፎቶህን አውርዶ ቀዳዳውን በሰጋቱራና በሙጫ የደፈነው እሱ አይደል? "አንድ ቃል ሳይነግረን ያጠፋንን ሰው በእጄ አልሰቅልም" አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳይነግረን። ይህችን ቃል በየደጁ፣ በየሱቁ ሰምቻታለሁ። በሰማኋት ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አልፌአለሁ።

በመክፈቻው ቀን ወንበሩ ሁሉ ሞላ። ከልብስ ሰፊው ጀመርኩ። የመጀመሪያው ተወካያችን በምክር ቤት ዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ስለ ውኃ ቧንቧ። ቧንቧው መጣ። ሰዉም አንድ ጊዜ ተናግሮ ቧንቧ ካስመጣ፣ ዝም የማይል ሰው ብንልክ ምን ሊመጣ ነው ብሎ አፉ የማይደክም ጠበቃ መረጠ። "ነጎድጓድ" ያልነው እሱን ነው። አምስት ዓመት አንጎደጎደ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ይህን ስል አዳራሹ ሳቀ፤ የነጎድጓድ ልጅ ሳትቀር ሳቀች።

ከዚያ ወደ ወንድምህ መጣሁ። ስለ ባሌ መናገር ይከብደኛል ብዬ ነበር፣ አልከበደኝም። የአውቶቡስ ሾፌር እንደነበረ፣ መራጩን በስም ሳይሆን በሚወርድበት ፌርማታ እንደሚያውቀው፣ ቀልድ ሳይጨምር ጤና ይስጥልኝ እንኳ እንደማይል ተናገርኩ። የጡብ ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ሲሰፍር፣ "እንግዲህ የምወክለው ቤቱን ነው፤ ቤት ደግሞ አያማርርም" ይል እንደነበር አስታወስኳቸው። ዘመኑን ሳይጨርስ ማረፉንም ነገርኳቸው።

እዚህ ላይ ኮሚቴው ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጀ። እኔ አልተቀመጥኩም።

"አራተኛው ተወካያችን ቀያሽ ነበር" አልኩ።

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ቀጠልኩ። በወንድምህ ቦታ ስትወዳደር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆመህ ያልከውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። "ማዶ ያለው ሕዝብ የእኛን ስድስት እጥፍ ሆኖ አንድ ተወካይ አለው። እኛም አንድ አለን። ይህ ልክ አይደለም። ከመረጣችሁኝ ሁለቱ ክልሎች እንዲቀላቀሉ እጄን አነሣለሁ። ካልፈለጋችሁ አሁኑኑ ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ምርጫ ሊያሸንፍ መጥቶ "ላጠፋችሁ ነው" የሚል ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የወንድሙን ጨዋታ ወረሰ ተባለ። አናጢው "ይሄስ ከሟቹም ይብሳል" ብሎ ጭኑን መታ። አንተ ግራ ተጋብተህ ቆመህ ታየናለህ፤ መሬት ስትለካ ያዳላህ እንዳይመስል የባለመሬቱን ሻይ እንኳ የማትቀምስ ሰው።

እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። እንዳልቀለድክ አውቅ ነበር። ሌላው ቢስት እኔ እንዴት እስታለሁ? ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚያ አዳራሽ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ አሸነፍክ፣ ሄድክ፣ እጅህን አነሣህ። የሌሎቹ ትንንሽ ክልሎች ተወካዮች ድምፅ ሲሰጥ ኮሪደር ወጥተው ሲጋራ ሲያጨሱ አንተ ተቀምጠህ አነሣህ። ስትመለስ ሰላም የሚልህ ጠፋ። መጥተህ ደጄን ስታንኳኳ ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ሲጮኽ ከውጭ ሰምተኸው ነበርና ቤት መኖሬን ያወቅኸው በማጥፋቴ ነው። ጥቂት ቆምክ፣ ሄድክ። ብዙም ሳይቆይ ዕቃህን ጭነህ ከተማውን ለቀቅህ።

የሬዲዮኑን ነገር ለአዳራሹ አልተናገርኩም፤ እሱ የእኔና የአንተ ነው። የሳቁን ግን ተናገርኩ። "ነግሮናል" አልኳቸው። "የሳቅነው እኛ ነን። እኔም ስቄአለሁ።"

የነጎድጓድ ልጅ፣ እኔም እዚህ ነበርኩ፣ እውነቷን ነው አለች። ከኋላ አንዱ "ታዲያ በምርጫ ይቀለዳል እንዴ?" ሲል ጎረቤቱ "እሱ መች ቀለደ" ብሎ መለሰለት። አናጢው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ "እኔ ግድግዳውን ለሦስት ነው የለካሁት" አለ።

ፎቶህን ይዤ ሄጄ ነበር። ያኔ አናጢው አውርዶ "ለቤተሰብ" ብሎ የሰጠው ለእኔ ነው፤ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ፊትህን አዙሬ አኑሬህ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።

በማግስቱ ጋዜጣ ላነብ ስሄድ ሦስቱም ፎቶዎች ወርደዋል። አናጢው መሰላል ላይ ነው፤ የትናንቱን ቀዳዳ ደፍኖ ግድግዳውን እንደ አዲስ ለአራት ይለካል። ኮቴዬን ሰማ፣ ግን አልዞረም።

"ለዚያ ቀያሽ ንገሪው" አለኝ። "መጥቶ ይለካው። ጠማማ ነው ካለ ፊት ለፊት ይንገረኝ። አሁን አልስቅበትም።"

እውነቱን ልንገርህ፣ እጅህን ማንሣትህን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ትንሽም ብትሆን ክልላችንን እወዳት ነበር፤ ስትመጣ በዚህ እንከራከራለን፣ መልስም አዘጋጅቻለሁ። ያልወደድኩትን ያደረገ ሰው ሁሉ ከዳተኛ ነው ማለት ግን አልነበረብኝም። ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም ነበር፤ በር መክፈት ይበቃ ነበር።

ድልድዩ ጋ ስትደርስ "አሥራ ሰባት ወራጅ" በል። ቤቱም በሩም የድሮው ነው። ሬዲዮኑን ከመንገድ ትሰማዋለህ፤ ስታንኳኳ አይጠፋም።

ፎቶህን በተመለከተ፣ ውሃ ልክ ይዞ ነው የሰቀለው፤ ይሁንና የአንተው ብቻ ወደ ግራ ትንሽ አዘንብሏል። ለአናጢው አልነገርኩትም። ለአንተ ትቼዋለሁ።

ያንተው እታለም