የሐቢባ ዋስ

ላሊበላ፣ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሐቢባ አለፈች! የትናየት፣ ሰማሽኝ? የጎረቤታችን የሐምዲያ ልጅ ሐቢባ ኖርዌይ ሄዳ ልትማር ነው! ትናንት ከሰዓት መልእክቱ ለርዕሰ መምህሩ ለምስጋኑ ደረሰውና ከትምህርት ቤቱ እስከ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ በዚያ ሁሉ ጭቃ እየሮጠ መጣ። አንድ ጫማው መንገድ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቶበታል፤ አልተመለሰለትም። «ውባንቺ፣ አለፈች! ያንቺንም ዋስነት ተቀብለውታል!» ሲለኝ እልልታዬን አቀለጥሁት። ማሽኑ ላይ የአንድ ገበሬ የመሬት ደብተር ነበር፤ እልል እያልሁ አሥራ አንድ ኮፒ አውጥቼበት ተገኘሁ። ሰውዬው «ኧረ እታለም፣ እኔ የፈለግሁት አንድ ነው፤ መሬቱም አንድ ነው» አለኝ።

እንዴት ሰነበትሽ ሆዴ? ደስታው ቀድሞኝ ሰላምታውን ረሳሁት። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ።

በወረቀት የጻፍሁልሽ በስልክ ሲሆን ስለምትዘጊብኝ ነው። ስለ መመለስ አንድ ቃል ካነሳሁ «ኔትወርኩ አስቸገረ» ትይኛለሽ። ወረቀት ኔትወርክ አያስቸግረውም። ምስጋኑ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። እንዳያነበው አስምዬዋለሁ፤ ቢያነበውም አዲስ ነገር አያገኝም፣ ሁሉንም አብሮኝ አይቶታል።

መጀመሪያ አንቺ ከቀረሽ በኋላ እዚህ የሆነውን ልንገርሽ። በስልክ ደፍሬ ነግሬሽ አላውቅም። የተማሪ ልውውጥ ማኅበሩ የወሰደሽ አሥር ወር ተምረሽ፣ የሰው አገር አይተሽ፣ የእኛንም አሳይተሽ እንድትመለሽ ነበር። ማኅበሩ ትርፍ የለው፣ ንግድ የለው፤ ሥራው ልጅን ከልጅ፣ አገርን ከአገር ማስተዋወቅ ነው። ፈረንጆቹ የጠየቁን የወላጅ ፊርማ ብቻ ነበር። ዋስ ይጨመር ያልነው እኛው ነን። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ «ወላጅ ለገዛ ልጁ ቢፈርም ምን ዋጋ አለው? ከሌላ ቤት ሰው ይቁምላት» አሉ፤ እኛም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ብለን አጨበጨብን። ያኔ ሳትለመን የተነሣችው ሐምዲያ ናት። «ለየትናየት ዋሷ እኔ ነኝ። ካልመጣች ከእኔ ፈልጓት» አለች።

ሳትመጪ ስትቀሪ ከእሷ ፈለጉሽ። በስብሰባ መሃል አስነሥቶ «በይ እንግዲህ፣ ልጅቷን አምጪያት» ያላት ሰው አለ። ከየት ታምጣሽ? ማኅበሩም ከእኛ ከተማ ተማሪ መውሰዱን አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ። የሐቢባ ነበር።

ሐምዲያ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ሰላምታዋንም አላቋረጠችም። ብቻ ድሮ «የትናየት እናት» ብላ የምትጠራኝ ሴት ከዚያ ወዲህ «ውባንቺ» ማለት ጀመረች። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ማኅበሩ «እንደገና እንሞክር» ሲል ሐቢባ ለዕድሜ ገደቡ የቀራት አራት ወር ነበር። ይህ ካለፋት በቃ፣ ሌላ ዕድል የለም። ሐምዲያ የልጇን ማስረጃዎች ኮፒ ልታስደርግ ወደ ሱቄ መጣች። ሠርቼ ሰጠኋት፤ አልሄደችም።

«ውባንቺ፣ ዋስ ሁኝልኝ።»

«ማን? እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«አብደሻል እንዴ ሐምዲያ? በእኔ ስም ልጅሽን ልታስቀሪያት ነው? ከተማው ሙሉ ሰው አለልሽ።»

«ከተማው ሙሉ ሰው ዋስ መሆን ምን እንደሆነ አያውቅም። የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። ወላሂ ሌላ ሰው አልጠራም።»

«በይ ኮፒው በነጻ ነው» አልኋት። «እንዲህ ከሆነማ ቤት ሌላም ወረቀት አለኝ» ብላ ሳቀች። ከእኔ ጋር ከሳቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ከማኅበሩ የአዲስ አበባ ቢሮ ሰብሌ የምትባል ወጣት መጣች። አዲስ ናት፤ ማንንም አታውቅም። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተሰበሰብን፦ መሪጌታ፣ ምስጋኑ፣ ሐምዲያ፣ ሐቢባና እኔ። መጀመሪያ ሐቢባን «እዚያ ላሉ ልጆች ከአገርሽ ምን ታስተምሪያቸዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌላው ልጅ ቢሆን ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ይደረድር ነበር። ሐቢባ «ሁለት ዓመት መጠበቅን» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ ሰብሌ ፋይል ከፈተች። ደንቡ ነው አለች፤ ከመቀጠላችን በፊት ቀድማ ስለሄደችው ተማሪ የተመዘገበው ለኮሚቴው ይነበባል። አነበበችው፦ «ተማሪ የትናየት ደርበው እናቷን በጦርነቱ በሞት ያጣች በመሆኑና በአገሯ የቀራት ዘመድ ባለመኖሩ ወደ ቤቷ መመለስ እንደማትችል በራሷ እጅ ጽፋ አመልክታለች።» ቀና አለችና «ያሳዝናል፤ ነፍስ ይማር» አለች።

እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ።

የትናየት፣ እኔ የማውቀው ልጄ ትምህርቷን ልትገፋ ብላ ቀረች የሚለውን ነው። ለሰውም ይህንኑ እያልሁ፣ ከስንቱ ጋር ስከራከርልሽ ኖርሁ። መሞቴን የነገረኝ የለም።

ወዲያው አንድ ሰበብ ፈለግሁልሽ። አንቺ በሄድሽ በጥቂት ቀን ተኩስ ሆነ፤ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ድምፄ ሲጠፋባት እውነት የሞትሁ መስሏት ይሆናል፣ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው አልሁ። እፎይ ልል ስል ሰብሌ ማመልከቻው የተጻፈበትን ቀን አነበበች። ግንቦት 12። ልጄ፣ ለፋሲካ ደውለሽልኝ ነበር እኮ! «ዶሮውን ማን ባረከልሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ፈረሰኛውን እንዳትበዪብኝ፣ አስቀምጪልኝ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም እንደ ሞኝ ለአንድ ቀን አስቀምጬው ነበር። በሁለት ሳምንቱ ቀበርሽኝ።

ከዚያ ደግሞ ኮፒው ትዝ አለኝ። ልትሄጂ ሰሞን የልደት ወረቀትሽን፣ የክርስትና ካርድሽን፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤትሽን ሁሉ ኮፒ አድርጊልኝ አልሽኝ፤ በገዛ እጄ አደረግሁልሽ። ኮፒውን ሣጥኑ ውስጥ ትተሽልኝ ዋናውን ይዘሽ ሄድሽ። ለአሥር ወር! እኔ ያኔ ጥንቁቅ ልጅ ወልጃለሁ ብዬ ለሰው አወራሁ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምስጋኑ መጽሐፍ የሚመርጥ ይመስል መደርደሪያውን ያያል። ሐምዲያ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨበጠችው፣ ያውም የሚያመኝን። አንዳቸውም «እናቷማ ይቻትና» አላሉም። ለእኔ ብለው ነው፤ ላንቺም ብለው ነው።

ቅጹ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። የዋስ ስም፣ ሥራ፣ ቀበሌ፤ ሞላሁት። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ከዚህ በፊት በማኅበሩ በኩል የሄደ የቤተሰብ አባል አለ?» ሁለት ሣጥን፣ አለ ወይም የለም።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። «የለም» ብል ሰብሌ አታውቅብኝም፤ የሚያውቁት አይናገሩብኝም። አንቺም እንዳለሽ ትኖሪያለሽ፣ ሐቢባም ትሄዳለች። አንዴ ከተቀበርሁ ተቀብሬ ልቅርላት ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ አስቤው ነበር። ግን እዚያ ላይ ዋሽቼ፣ ከሥሩ «ይህች ልጅ ቃሏን ትጠብቃለች» ብዬ ልፈርም? ሐምዲያ የጠራችኝ ለዚህ ነው?

«አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ስም ሲል ጻፍሁ፦ ልጄ የትናየት ደርበው።

ሐምዲያ አጮልቃ አየችና «ያረቢ!» አለች።

ሰብሌ ወረቀቱን ተቀበለች፤ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። «እትዬ ውባንቺ፣ እዚህ ላይ ተሳስተው ነው መሰለኝ። የዚህች ልጅ እናት እኮ ሞታለች።»

«ልጄ፣ ቅድም ነፍስ ይማር ያልሽው ለእኔ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ፈርሜልሻለሁ፤ የሞተ ሰው ፊርማ በእናንተ ቢሮ ይጸናል?»

መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዋስስ እንዲህ ከመቃብር ተነሥቶ ሲመጣ ነው!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሳለ እንባዬ መጣ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ሐቢባ ውኃ ይዛልኝ መጣች፤ «እማማ፣ እኔ እመለሳለሁ» አለችኝ በጆሮዬ። እኔ ሳልጠይቃት።

ሰብሌ መልካም ልጅ ናት፣ ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ይህን ለዋናው ቢሮ መጻፍ አለብኝ። ልጅዎን ሊጎዳት ይችላል፤ ያውቃሉ?» አለች።

«አውቃለሁ።»

ወደ ሐምዲያ ዞረች። «እርስዎስ አሁንም ዋስዎ እሳቸው ናቸው? መቀየር ይችላሉ።»

«መጀመሪያ የጠራኋት ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ነው» አለች ሐምዲያ። «አሁንማ ሌላ ብታመጡልኝም አልቀበል።» ከዚያ እጄን ያዘችና «አብሽሪ፣ የትናየት እናት» አለችኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ቢሮው ምን ይል ይሆን እያልን አራት ቀን እንቅልፍ አጣን። ትናንት «ዋሷን ተቀብለናል» የሚለው መጣ።

እንግዲህ አንቺን የሚመለከተው ይህ ነው፤ ደግመሽ አንብቢው። ሰብሌን «የልጄን ጉዳይ እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ ቆዪልኝ፣ መጀመሪያ ከእኔ ትስማ» ብዬ ለመንኋት፤ እሺ ብላለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሦስት ቀን አለሽ። ያስተናገደችሽ ሴትዮ ዘንድም፣ ማኅበሩ ዘንድም ሂጂና በራስሽ አፍ «እናቴ አለች» በያቸው። ከወረቀት ከሚያነቡት ከአንቺ ይስሙት። ምን እንደሚያደርጉሽ አላውቅም፤ አገራቸውንም ሕጋቸውንም አላውቀው። አሳልፋ ሰጠችኝ ትይኝ ይሆናል። በይ። እኔም ስላንቺ ያንኑ እያልሁ ነው የሰነበትሁት።

ተቀይሜሻለሁ የትናየት፣ አልደብቅሽም። «እማ፣ እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ» ብትዪኝ እጮህብሽ ነበር፣ አኮርፍም ነበር፣ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። ምክንያት ጠፍቶ ነው እኔን? አጎትሽ ደሳለ አለልሽ አይደል? እሱን ብትገድዪው ኖሮ ብነግረውም ይስቅ ነበር እንጂ ግድ አልነበረውም።

አሁን ወደ ደስታችን ልመለስ። ሐቢባ የምትበረው ነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ እኛም ፍልሰታ ሳይገባ መደገስ አለብን። ሁለት ቤት ይታረዳል፤ የክርስቲያኑ በእኔ ግቢ፣ የእስላሙ በሐምዲያ ግቢ፤ የመሃሉን አጥር ለዕለቱ እናነሣዋለን ተባብለናል። ደሳለ ከብልባላ ሁለት በግ ነድቶ ይመጣል። ጠላው በእኔ፣ ብርዙ በእሷ ነው። መሪጌታ «እኔ ከሁለቱም ግቢ መካከል ቆሜ እመርቃለሁ» ብለዋል። አገር ሰላም ከሆነ መስከረም ላይ ደግሞ አንዲት የኖርዌይ ልጅ ወደ እኛ ትመጣለች፤ አንድ ሲሄድ አንድ ይመጣል አይደል። ማረፊያዋ እኔ ዘንድ ነው። ያንቺን አልጋ አሳድሼላታለሁ፤ ሌላ አልጋ ስለሌለኝ ነው።

ወረቀቱ አለቀብኝ፤ ሌላ ገጽ ብጨምር ምስጋኑ ያጉረመርማል። የአሸተኗ እመቤት ካለሽበት ሁሉ ትጠብቅሽ፤ ለእውነት የሚሆን ድፍረት ትስጥሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር። ብርዱ እንዳይመታሽ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ፤ ይህን ማለት መቼም አልተውም።

እናትሽ
ውባንቺ አዳም

ቀኑን ሳልነግርሽ ልዘጋው ነበር! ሐምሌ 19፣ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ። ከሙጃም ከብልባላም ሰው ይመጣል። እኔና ሐምዲያ ለጠራነው ሰው ሁሉ ያልነው አንድ ቃል ነው፤ ማንም እንዳይቀር። ሐምሌ 19።